ጧሪ የሌላቸው

የዕቃ ቤቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ የታየው ጫማ ነበር፤ የወንድ ጫማ፣ ከእጅ ጋሪዎቹ ሥር ወጣ ብሎ።

ከባህል አዳራሽ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ በሴፍቲኔት የታቀፉት ሴቶች ቦይ ሊጠርጉ በማለዳ የሚሰበሰቡት እዚያ ቆርቆሮ ቤት ደጅ ላይ ነው። የቡድን መሪዋ ኤልሳቤጥ ጓጉንቸሩን ከፍታ አካፋ ልታወጣ ገባች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። አልጮኸችም። "ማንም እንዳይገባ" አለችና ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

ኢንስፔክተር ኡሙልኸይር ከሳጅን ሀመሶ ጋር ስትደርስ ሰፈርተኛው አጥሩን ሞልቶት ነበር። የሚያለቅስ ግን አላየችም። ሁሉም እጁን አጣጥፎ ነው የቆመው።

"ማን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?" ስትል ጠየቀች።

"ወልደጻድቅ ነው" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። "የእኛ ድሃ ለዪ። ለእሱማ ፖሊስ በጠዋት ይመጣለታል።"

አቶ ወልደጻድቅ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለድጋፍ የሚበቃውንና የማይበቃውን ድሃ የሚለየው የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበሩ፣ ጧሪ የሌለው አዛውንት በቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፍ፣ ጉልበት ያላት ሴት በጠረጋው እንድትገባ ሐሳብ የሚያቀርቡት እሳቸው ነበሩ። አሁን ከጋሪዎቹ ጀርባ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ ጉልበታቸው ታጥፎ ተወትፈዋል። ደም የነካው አካፋ አጠገባቸው ወድቋል፤ እጀታው በጥንቃቄ ተጠርጓል።

ሀመሶን ግራ ያጋባው ሌላ ነገር ነው። ሬሳው አረንጓዴ ጥለት ባለው ግራጫ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ተሸፍኗል። የብርድ ልብሱ አንዱ ጫፍ ተጠቅልሎ ከራሳቸው ሥር ገብቷል። ዓይናቸውም ተከድኗል።

"ገድሎ ሲያበቃ አዘነላቸው ማለት ነው?" አለ።

"የገደላቸው ሰው እንደ ጆንያ ወትፏቸዋል። የሸፈናቸው ሰው ደግሞ ትራስ ሠርቶላቸዋል" አለች ኡሙልኸይር። "አንድ እጅ ሁለቱን አይሠራም። እዚህ ቤት ሁለት ሰው ገብቶ ነበር።"

የሟች ቁልፍ ከኪሳቸው ተገኘ። እንግዲያው በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ጓጉንቸሩ ሲጫኑት የሚቆለፍ ዓይነት ስለሆነ፣ ማንም ያለ ቁልፍ ዘግቶት መሄድ ይችላል።

ብርድ ልብሱን ሲያዩ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። "የእድሩ ነው" አለች አንዷ እያቅማማች። "በፋሲካ ለአዛውንቶቹ የታደለው። ሁሉም አላቸው።"

*

የሟች ልጅ ሩት ጥቁር ለብሳ ግቢው መሀል ቆማ አገኟት። የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነው።

"ሰው የት ሄደ?" አለች ኡሙልኸይር ሳታስበው።

"የትኛው ሰው? ድንኳኑን ያስተከለልኝ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ክብሩ ነው። ከእሱ በቀር ደጄን የረገጠ የለም። ይኸው እናንተ መጣችሁ፤ እናንተም ደመወዝ እየተከፈላችሁ።"

"አባትሽን ማን ይጠላቸው ነበር?"

"ማን የማይጠላቸው ነበር ብለሽ ብትጠይቂኝ ይቀለኝ ነበር። ስማቸው ያልተነበበላቸው ይጠሏቸዋል። የተነበበላቸውም፣ ሰው ፊት ድሃ አሰኘኝ ብለው ይጠሏቸዋል።" ሩት ነጠላዋን አጠበቀች። "ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲወጡ ጃንጥላ ያዙ አልኳቸው። አልሰሙኝም። 'ነገ ስብሰባው ላይ የሞተ ሰው አስነሳለሁ' አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር። አባቴ እንዲህ ደስ ሲላቸው አንድ ሰው ሊያለቅስ ነው ማለት ነው።"

"የሞተው ሰው ማን ነው?"

"ብነግርሽ ምን ያደርግልኛል? አላውቅም እንጂ።"

ወደ መኪናው ሲመለሱ ሀመሶ ፈጠን ብሎ፣ "ይሄማ ግልጽ ነው። በሞተ ሰው ስም ድጋፍ የሚቀበል አለ። ሊያጋልጡት ሲሉ ገደላቸው" አለ።

ኡሙልኸይርም የመሰላት እንደዚያው ነበር። ፍለጋውም ብዙ አላደከማቸውም። ከጠረጋው ቡድን ውስጥ የሞተች ሴት ተገኘች፤ የኤልሳቤጥ ታናሽ እህት።

"አዎ፣ ሞታለች" አለች ኤልሳቤጥ፣ ጣቢያ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። "ስትሞት ልጇ አካፋዋን ተቀበለች። ስሙ የእናቷ ነው፤ ላቡ የእሷ ነው። የተሰረቀ ነገር ካለ ሄዳችሁ ቦዩን እዩ፤ ተጠርጓል።"

"አቶ ወልደጻድቅ ያውቁ ነበር?"

"እሳቸው የማያውቁት ነገር ነበር? ያውቃሉ፤ አውቀው ዝም። አንድ ቀን አፌን ስከፍት ሊዘጉኝ ያስቀመጡት ነው።"

"ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ሲዘንብ የት ነበርሽ?"

"ቤቴ።"

"ማን አየሽ?"

"ድሃን ማን ያያል፣ ኢንስፔክተር? ድሃ የሚታየው ሲቆጠር ብቻ ነው።"

የኡሙልኸይር አለቃ ኮማንደሩ ብዙ አላወላወሉም። ቁልፍ አላት፣ ምክንያት አላት፣ ያየላት ሰው የለም፤ ትታሰር አሉ። "ሬሳውን የሸፈነውስ?" ስትላቸው፣ "ስለ ብርድ ልብስ ከምትጨነቂ ስለ ገዳይ ተጨነቂ" ብለው ስልካቸውን አነሱ። ኤልሳቤጥ ታሰረች። ወዲያው የቡድኗ ሴቶች አካፋና መጥረጊያቸውን እንደያዙ መጥተው የጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ። ኡሙልኸይር በገባችና በወጣች ቁጥር አንዷ ምራቋን እንትፍ ትላለች፤ በእሷ ላይ ሳይሆን ከጫማዋ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ።

*

ኤልሳቤጥ ገዳይ ናት ቢባል የኡሙልኸይር ልብ አልቀበል አለ። የገደለ ሰው በማግስቱ ጓደኞቹን አሰልፎ ያንኑ በር አይከፍትም። ደግሞም ብርድ ልብሱ የታደለው ለአዛውንት ነው፤ ኤልሳቤጥ ጋ የለም።

እህል ነጋዴው ኢብራሂም ግን "አንገትህን እሰብረዋለሁ" ብሎ በአደባባይ ዝቶባቸው እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ መስክሯል። መደብሩ ስትገባ ሚዛኑን አስቀምጦ ከላይ እስከ ታች አያት።

"የሐጂ ሙክታር ልጅ አይደለሽም? አባትሽ ከአባቴ ጋር አንድ ሱቅ ነግደው ያሳደጉሽ ልጅ መጥተሽ እኔን ትመረምሪኛለሽ?"

"አባቴን ለሌላ ቀን እናቆያቸው። ሰውየው ላይ ዝተሃል።"

"ዝቻለሁ። አክስቴን ከድጋፍ ያስወጡት 'ሱቅ ያለው ዘመድ አላት' ብለው ነው። ሱቅ ያለው ዘመድ እኔ ነኝ። እንደምጦራት ማን ነገራቸው?"

"አትጦራትም?"

ኢብራሂም ፊቱ ጠቆረ። "በዚያ ሰዓት ሻሸመኔ ኒካህ ላይ ነበርኩ። ያገባው የእህቴ ልጅ ነው፤ ሙሽራውንም ሼኹንም ጠይቂ። ከዚህ በላይ ከእኔ የምታገኚው ሽሮ ብቻ ነው፤ እሱንም ከገዛሽ።"

ልትወጣ ስትል ዓይኗ ጆንያዎቹ ላይ የተነጠፈ ግራጫ ብርድ ልብስ ላይ አረፈ፤ አረንጓዴ ጥለት አለው።

"ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ሽማግሌው ሰለሞን ሸጡልኝ። ለሽማግሌ ሙቀት ይሰጣሉ፤ ሽማግሌው የሚያስፈልገው ዘይት ነው። እኔ ምን ላድርግ።"

ያኔ ነው ብርድ ልብሶቹን ሁሉ ለማየት የወሰነችው። ለሁሉም ከታደለ፣ አሁን ብርድ ልብሱ የጎደለው ሰው አለ።

ከሀመሶ ጋር ቤት ለቤት ዞሩ። የባሰ ቀን ገጥሟት አያውቅም። አንዷ አሮጊት በሩን ገርበብ አድርገው፣ "ሰጥታችሁ ቴሌቪዥን አሳያችሁን፤ አሁን ደግሞ ልትወስዱት መጣችሁ?" አሏት። አንዱ ዓይነ ስውር አዛውንት ብርድ ልብሳቸውን ከላያቸው ገፈው ፊቷ ላይ ወረወሩት። "ውሰጂው። ስምሽንም ንገሪኝ፤ የማን ልጅ እንደረገምኩ እንዳውቅ።" አባባ ሰለሞን መሸጣቸውን አልካዱም። ኮሚቴው ከድጋፍ እንዳያስወጣቸው ብቻ ነው የፈሩት። "ብርድ አይሰማኝም ብዬ እንጂ ጠግቤ አይደለም በላቸው" አሉ፤ ለእሷ ሳይሆን ለሀመሶ።

በመጨረሻ እማማ ደብሪቱ ቤት ደረሱ። አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። አሮጊቷ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አልጋው ላይ አንድ ነጠላ ብቻ አለ።

"ብርድ ልብስዎ የታለ እማማ?"

"አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼው ሌባ ወሰደው።"

"መቼ?"

"ሰውየው የሞተ ዕለት።"

"ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሲዘንብ ነበር። በዝናብ ብርድ ልብስ ያሰጣሉ?"

"እኔ ሳሰጣ ፀሐይ ነበር። ሌባ ደግሞ ዝናብ አይፈራም።"

ኡሙልኸይር ክፍሉን ቃኘች። ግድግዳው ላይ የገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥሩ አሮጌ የዝናብ ጫማ ተቀምጧል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም።

"ልጅ የለዎትም?"

እማማ ደብሪቱ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ፍርሃት አልነበረም፤ ጥላቻ ነው። "ልጅ ቢኖረኝ መንግሥት ይጦረኝ ነበር?"

*

ብርድ ልብሱን ያደለውን የእድሩን ሊቀመንበር ያገኙት ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚበላበት አሞራ ገደል ነው። ክብሩ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር፣ አርባዎቹን የተሻገረ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ደንበኞቹን ዓሣ ሊያበላ ዛፍ ሥር አስቀምጧቸዋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ፣ እሱ እጁን ታጥቦ ወደ ፖሊሶቹ መጣ።

"ብርድ ልብሶቹን የገዛኋቸው እኔ ነኝ" አለ ሳይጠየቅ። "እንዲህ ላለ ነገር ይውላሉ ብዬ አልነበረም። አቶ ወልደጻድቅ ለዚህ ሰፈር ባለውለታ ነበሩ። ሰው ግን ውለታ አያውቅም።"

"ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?"

"ሳይዘንብ ቤቴ ገብቻለሁ። ባለቤቴን መጠየቅ ይችላሉ።" ፈገግ አለ። "ገዳይዋ ታስራለች ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

ኡሙልኸይር የያዘችው ነገር ብዙ እንዳልሆነ ታውቃለች። ብርድ ልብስ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አባባ ሰለሞንና እማማ ደብሪቱ። የአባባ ሰለሞን ኢብራሂም መደብር ተገኝቷል፤ እማማ ደብሪቱን ግን ገና አልያዘችም። የሰውየውን ፊት ለማየት ብቻ እንዲህ አለችው፦

"ሌላ ሰውም እንይዛለን። ሬሳው የተሸፈነበትን ብርድ ልብስ ባለቤት አግኝተናል። አንድ አዛውንት ናቸው። እዚያ ቤት ውስጥ እንደነበሩ እናውቃለን፤ ዛሬ ወደ ጣቢያ እንወስዳቸዋለን።"

ክብሩ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "እሷ ምን አቅም አላት?" አለ። "በበትር የምትሄድ ሴት ሰው ልትገድል ነው? ድሃ ማንገላታት ካልሆነ ምን ይባላል ይሄ?" ወዲያው ደንበኞቹን ዞር ብሎ አየ። "ይቅርታ፣ እንግዶቼ ይጠብቁኛል።"

መኪናው ከሐይቁ ዳር ወጥቶ አስፋልቱን ሲይዝ ኡሙልኸይር መስኮቱን ዘጋች። ከዚያ፣ "ሀመሶ፣ ለሰውየው ምን አልኩት? በትክክል" አለች።

ሀመሶ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው፤ ቤቱ የሚነገረው ሲዳምኛ ነው። ስለዚህ ቃል ሲይዝ አጥብቆ ይይዛል። "አንድ አዛውንት ናቸው፣ ዛሬ እንወስዳቸዋለን አሉት።"

"ሴት ናቸው ብያለሁ?"

"አላሉም። በ'እሳቸው' ሴቱም ወንዱም አንድ ነው። ስማር ያስቸገረኝ እሱ ነበር።" ሀመሶ መሪውን ይዞ ትንሽ አሰበ። "እሱ ግን 'እሷ' አለ። በበትር እንደሚሄዱም ያውቃል።"

"ሴት መሆናቸውን ማወቁ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ አይቷቸዋል ማለት ነው። ሌላም አለ። አንተ እማማ ደብሪቱን ስታነሳ ምን ትላለህ?"

"እሳቸው።"

"እኔም እሳቸው። ሰፈሩ ሁሉ እሳቸው። እዚህ ከተማ የሰው አሮጊት 'እሷ' የሚል ጨዋ ሰው የለም፣ ለዚያውም የእድር ሊቀመንበር።" ወደ እሱ ዞረች። "አንተ እናትህን ምን ትላታለህ?"

ሀመሶ መኪናውን ወደ እማማ ደብሪቱ ሰፈር አዞረው።

*

እማማ ደብሪቱ ጣቢያ ገብተው ገና ሳይቀመጡ፣ "እኔ ነኝ የገደልኩት። ያቺን ልጅ ፍቷት" አሉ።

"በምን ገደሏቸው?"

"በአካፋ።"

"ከዚያስ ከጋሪው ጀርባ ማን ጎተታቸው?"

"እኔ።"

"እማማ፣ በሩን አልፈው ወንበሩ ጋ ለመድረስ የእኔን ክንድ ይዘዋል።"

"ገድያለሁ ካልኩሽ ጻፊ። ሰው አልገደልኩም ሲልሽ አታምኚም፣ ገደልኩ ሲልሽም አታምኚም። ምን ዓይነት ሴት ነሽ?"

ኡሙልኸይር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ልጅዎን አሞራ ገደል አግኝቼው ነበር።"

"ልጅ የለኝም ብዬሻለሁ።"

"አላሉኝም። 'ቢኖረኝ መንግሥት ይጦረኝ ነበር?' ነው ያሉኝ። ስለ እርስዎ ስነግረው 'እሷ ምን አቅም አላት' አለኝ።"

የአሮጊቷ እጅ በትሩ ላይ ቆመ። "እሷ አለኝ?"

"አዎ።"

ከውጭ የጠራጊዎቹ ሴቶች ጫጫታ ይሰማል። እማማ ደብሪቱ ሲናገሩ ድምፃቸው ከበፊቱ ያነሰ ነበር። "ሰው በማይሰማን ቦታ፣ ብቻችንን ስንሆን እንኳ እኮ እርስዎ ነው የሚለኝ።"

ከዚህ በላይ ኡሙልኸይር አልገፋቻቸውም፤ ወደ ክብሩ ቤት ሄደች።

ባለቤቱ ሶፍያ የታወቁ ነጋዴዎች ልጅ ናት። በሩን ከፍታ ፖሊሶቹን ግቢ ሳታስገባ አነጋገረቻቸው። "ባሌ ሳይዘንብ ገብቷል። ሌላ ጥያቄ ካለ ጠበቃ አለን።"

"ጥያቄ የለኝም። አንድ ሰው አይተው ይመለሱ፤ ከዚያ በኋላ አላስቸግርዎትም።"

ሶፍያ ጣቢያ የገባችው አፍንጫዋን በነጠላ ይዛ ነው። እማማ ደብሪቱን ስታይ ትከሻዋን ነቀነቀች። "አውቃቸዋለሁ። ብርድ ልብስ ስናድል እጄን ሊስሙ የነበሩ ሴትዮ ናቸው። ምን ይሁኑ?"

"የባለቤትዎ እናት ናቸው።"

"የባሌ እናት ሞታለች።" ሶፍያ ሳቀች። "ተዝካሯን ያበላሁት እኔ ነኝ። አገሩን ሁሉ ጠርቼ፣ እዚሁ ሐዋሳ።"

"እኔም በልቻለሁ" አሉ እማማ ደብሪቱ።

ሶፍያ ዞረች።

"ልጄን ፍለጋ ከገጠር የመጣሁ ዕለት ነው። ሰው እየጠየቅኩ ቤቱ ስደርስ ድንኳን ተጥሏል። የማን ተዝካር ነው አልኩ። የጌታው እናት አሉኝ። ነዳያኑ መሀል አስቀመጡኝና እንጀራ አመጡልኝ። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር።" አሮጊቷ በትራቸውን ወለሉ ላይ አስተካከሉ። "ልጄ ትሪ ይዞ ሲዞር አየኝ። ትሪውን አልጣለም። ሲመሽ መጥቶ ቤት ተከራየልኝ። 'እርስዎ ከእንግዲህ ማንም የለዎትም' አለኝ። ምን ልበለው? የቤተ ክርስቲያን ደጅ እየለመንኩ ነው ያሳደግኩት። የእኔ ልጅ መሆን እንደሚያሳፍረው ከልጅነቱ አውቃለሁ።"

ሶፍያ ፊታቸውን አየች። አጥብቃ ስታየው አንድ ነገር እንዳገኘች ኡሙልኸይር ከፊቷ አወቀች። ጥርሳቸው ያልረገፈ ቢሆን ኖሮ የክብሩን ፈገግታ ማንም ይለየው ነበር።

"ለምን ያኔ አልተናገሩም?" አለች ሶፍያ በቁጣ። "ከደጄ ተቀምጠው እየበሉ ለምን አልጮኹም? እኔን መሳቂያ አደረጋችሁኝ፤ ሁለታችሁም።"

"የሞተ ሰው ድምፅ አለው እንዴ?"

ሶፍያ ወንበር ሳትይዝ ግድግዳ ተደገፈች። ለአሮጊቷ ሳይሆን ለኡሙልኸይር ተናገረች። "ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የገባው። ሱሪውን ራሱ አጠበ። ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው። ጭቃ ነው አለኝ። ማንም ቢጠይቅሽ ሳይዘንብ ገብቷል በይ አለኝ። እኔም ሴት ጋ የነበረ መስሎኝ ነበር።"

*

ክብሩን የያዙት ለቅሶ ቤት ነው። በአቶ ወልደጻድቅ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቆሞ ከእድሩ የመጣ ንፍሮ ያድላል። ፖሊሶቹ ሲገቡ ሳህኑን ሰው አስያዘ። ሩት ከሴቶቹ ወንበር ተነስታ አየችው፤ የሆነው እስኪገባት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ "ድንኳኑን ነቅለህ ሂድ" አለችው። ሌላ ምንም አላለችም።

በጣቢያው ክብሩ ብዙ አልካደም። እናቱ የት እንዳለች ብቻ ደጋግሞ ጠየቀ፤ በናፍቆት አልነበረም።

"ሁሉን የተናገረችው እሷ ናት አይደል? ያኔም ለዚያ ሰውዬ የተናገረችው እሷ ናት። የአዛውንቶቹን ጉዳይ እንደገና ሲያጣራ 'ልጅ እንደሌለሽ በገብርኤል ማይ' አላት። በውሸት መማል ፈራች። ሰው ልጁን ከሚያዋርድ አንድ ጊዜ በውሸት ቢምል ምን አለ?"

"አቶ ወልደጻድቅ ምን ፈለጉ?"

"ዕቃ ቤቱ ጋ ቀጠረኝ። ዝናብ ሲጀምር ከፍቶ አስገባኝ። 'ነገ ሕዝቡ ፊት ቆመህ እናቴ ናት ትላለህ፤ ተዝካሯን የበላው ሁሉ ይስማ' አለኝ። በድብቅ ልጡራት፣ ከድጋፉ አውጣት አልኩት፤ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ስለ ድሃዋ አዝኖ መስሎሻል? ሰው ሲንበረከክለት ማየት ነበር ደስ የሚለው።" ክብሩ እጆቹን አየ። "አካፋው እዚያው ነበር።"

"እናትህስ?"

"እሷንም ጠርቷት ኖሯል፤ አፋጥጦ ሊያዋርደኝ። ስወጣ በዝናቡ ስትመጣ ደጅ ላይ ተገናኘን። ይሂዱ አልኳት። ተመልሳለች ብዬ ነው የሄድኩት።"

አልሄዱም ነበር። ከድንኳኑ መልስ ኡሙልኸይር የክብሩን ቃል ስታነብላቸው፣ እማማ ደብሪቱ የቀረውን ራሳቸው ጨመሩ። ሰውየው ገና ሞቃት ነበሩ። ዓይናቸውን ከደኑ፤ ለዝናቡ የተከናነቡትን ብርድ ልብስ አውርደው አለበሷቸው፤ ውሻ እንዳይገባባቸው ጓጉንቸሩን ጫኑት። "በእኔ አፍ ነው የሞቱት" አሉ። "ያለኝን ሰጠኋቸው።"

ሬሳ ሸፍነው ዝም በማለታቸው ኮማንደሩ ሊያስሯቸው ፈልገው ነበር። ኡሙልኸይር ፊት ለፊት ተከራከረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ድምፅዋን ከፍ አደረገችባቸው። በዋስ ተለቀቁ። ዋስ የሆነቻቸው ሶፍያ ናት። ፈርማ ወጣች፤ አሮጊቷን ግን ዞር ብላ አላየችም፤ መኪናዋም ውስጥ አላስገባቻቸውም።

ኤልሳቤጥ ስትፈታ ኡሙልኸይር በሩ ድረስ ሸኘቻት። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት።

"የእህቴ ልጅ አካፋዋን ተቀምታለች" አለች ኤልሳቤጥ። "በሞተ ሰው ስም ነው ብላችሁ። ይቅርታሽን ለእሷ ንገሪያት።" ሴቶቹ ከበው ወሰዷት። ዛሬም አንዷ ምራቋን እንትፍ አለች፤ አሁን ወደ ጫማው ቀረብ አድርጋ።

*

የተራዘመው የሰፈሩ ስብሰባ የተካሄደው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ኡሙልኸይር የመጣችው ለሥራ አልነበረም፤ ሲቪል ለብሳ ከኋላ ቆመች። ያወቋት ከአጠገቧ ራቅ አሉ።

አዲሱ ሰብሳቢ ወጣት ናቸው፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። የአዛውንቶቹን ስም እየጠሩ "ተቃውሞ ያለው?" ይላሉ። "ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ጧሪ የሌላቸው" ሲሉ አዳራሹ ተንጫጫ።

"ልጇ የታወቀ ሀብታም ነው፤ ትውጣ" አለ አንድ ሰው።

"ልጃቸው እስር ቤት ነው፤ ከየት አምጥቶ ይጡራቸው?" አለች ኤልሳቤጥ ከጠራጊዎቹ መሀል።

"ምራቷስ? መደብሩ አለ አይደል?"

"የነፍሰ ገዳይ እናት በመንግሥት እንጀራ?" አለ ሌላው። "የወልደጻድቅ አጥንት ይወቅሰናል።"

በሕይወት የተቀመጡትን ሴት እንደ ሬሳ እያገላበጡ ተከራከሩባቸው። ሩት ከፊት ወንበር ነበረች። ሰው ሁሉ ምን ትል ይሆን ብሎ አያት፤ አንገቷን እንደ ደፋች ቀረች።

እማማ ደብሪቱ በበትራቸው ተደግፈው ተነሱ። ጫጫታው እስኪቆም ጠበቁ።

"ክብሩ ልጄ ነው" አሉ። "ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጅ የላትም ብላችሁ እንዳትጽፉ። ጧሪ የላትም በሉ፤ እሱ እውነት ነው። ልጅ ግን አለኝ።"

ሰብሳቢው እስክሪብቶ እንደያዙ ቀሩ። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛው ዝርዝር እንደሚገባ አያውቁም። አጠገባቸው ያሉትን ጠየቁ፤ እነሱም አላወቁም። ክርክሩ እንደገና ተነሳ፤ አሁን አንዱ በሌላው ላይ ይጮኽ ጀመር።

እማማ ደብሪቱ መጨረሻውን አልጠበቁም። ከወንበራቸው ሥር በፎጣ የተቋጠረ ሳህን አነሱና፣ ሰዉ እግሩን እየሰበሰበ መንገድ ሲለቅላቸው፣ ቀስ ብለው ወጡ። እስር ቤት የስንቅ መግቢያ ሰዓት ደርሶ ነበር።